የዘኪያን መርዶ ማን ይንገር?

ሀጀራ ፖለቲካዋን ገለበጠች የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ "ፋጤ ውሸታም ብላሃለች" በሉት። ፋጤ እኔ ነኝ። ካርቱም፣ ሐጅ ዩሱፍ የሚባል ሰፈር ውስጥ ከሀጀራ ጋር በአንድ ግቢ ዓመታት ኖሬያለሁ፤ ሳሏንና ኩርፊያዋን ሳይቀር አውቃለሁ። ሀጀራ አልተገለበጠችም። ዛሬም ያንን የአገር ቤቱን መንግሥት አፏን ሞልታ ትረግማለች። የሆነው ሌላ ነገር ነው።

ሀጀራ የወሎዋ ሐይቅ ልጅ ናት። ቀበሌው የአባቷን መሬት ቆርሶ ለሌላ ሰው ሰጠባቸው፤ እሳቸውም በዚያው ብስጭት አለፉ። እሷ በመተማ ወጥታ፣ ገዳሪፍ ሰንብታ፣ ካርቱም ገባች። አል-ማንሺያ በሚባል ሰፈር አብደልራሒም የሚባሉ ሱዳናዊ ጠበቃ ቤት ተቀጠረች። ጠዋት በሐፊላ፣ በአውቶቡስ ማለት ነው፣ ተጋፍታ ትሄዳለች፣ ማታ ተጋፍታ ትመለሳለች። የጠበቃው ሚስት አንድ ቀን "አንቺ ልጅ፣ ዝም ማለት አታውቂም?" ቢሏት፣ "አባቴ ዝም ቢሉ መሬታቸው ሄደ" ብላ መለሰችላቸው። እንዲህ ናት።

ዘኪያ ደግሞ በጭቃ ግንብ የምንዋሰናት ጎረቤታችን ናት። እሷም ከዚያው ከሐይቅ። ታላቅ ወንድሟን ደርግ ከገበያ አፍሶ ጦር ሜዳ ላከው፤ በዚያው ቀረ። ስለዚህ ደርግን የጣለው ያ መንግሥት ለሷ ወንድሟን የተበቀለላት ነው፤ እሱን አትንኩባት።

እነዚህ ሁለቱ ማታ ማታ በግንቡ ላይ አንገታቸውን አውጥተው ይሞሻለቁ ነበር። ሬዲዮው ዜናውን ሲጨርስ እነሱ ይጀምራሉ።

"ሰማሽ? መንገድ ሠራን!" ትላለች ዘኪያ።

"በማን መሬት ላይ?"

"አንቺ የደርግ ትራፊ!"

"አንቺ አጨብጫቢ!"

ወዲያው ደግሞ ከሁለቱ አንዷ "ሽንኩርት አለሽ?" ትላለች። ሽንኩርቱ በግንቡ ላይ ይሻገራል። እኔ በሳቅ እሞታለሁ።

የዘጠና ሰባቱ ምርጫ መጣና ነገሩ ከጨዋታ ወጣ። ከአገር ቤት የሰው ሞት ወሬ ይመጣ ጀመር። እኛ ቅሬ አለን፤ ሌላው እድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። በሰው አገር ስንሞት የሚቀብረን፣ ስናዝን የሚሰበሰብልን እሱ ነው። የቅሬው ዳኛ ባለሱቁ ጋሽ ሙባረክ ናቸው። በስብሰባ ላይ ስለሟቾቹ ሲነሳ ዘኪያ "ጥፋተኛው መንግሥት ብቻ ነው እንዴ?" ብላ እርፍ! ቤቱ ተናወጠ። ሀጀራ ራሷ ብድግ ብላ "አፈር ብይ!" አለቻትና በሩን በርግዳ ወጣች። ዘኪያም እያለቀሰች ሄደች። ሁለቱም ከሄዱ በኋላ ጋሽ ሙባረክ ፈረዱ፤ የዘኪያን ደጃፍ የረገጠ ሰው ከቅሬው ወጥቷል። ከዚያ ወዲያ ግንቡ ላይ አንገት ጠፋ፣ ሽንኩርትም ቀረ።

አንድ ሐሙስ ከሥራ ስመለስ ሪክሻ፣ ባጃጅ ማለት ነው፣ ላይ ከዘኪያ ጋር ተገናኘን። ፊቷ በርቷል። ከላስቲክ ውስጥ ሰማያዊ ቶብ አወጣች፤ የሱዳን ሴቶች የሚጠመጠሙትን።

"ለእማዬ ነው። የሚሄድ ሰው አግኝቻለሁ። አያምርባትም ፋጤ?"

"በጣም እንጂ" አልኳት።

ሰፈር እንደደረስኩ የጋሽ ሙባረክ ሚስት ሉጥፊያ እጄን ጎተተችና በሹክሹክታ ነገረችኝ። የዘኪያ እናት ከሞቱ ሰንብተዋል። ከሐይቅ ለጋሽ ሙባረክ ተደውሏል፤ ቅሬውም ሰምቷል፤ ጋሽ ሙባረክ ግን አይነገራትም ብለዋል። ያ ረቢ! ያ ሰማያዊ ቶብ ዓይኔ ላይ ተደቀነ።

መርዶ እንደሆነ እንዲሁ በስልክ ለሐዘንተኛዋ አይነገርም። ለቅሬ ዳኛው ይነገርና እሱ ሰው ሰብስቦ፣ ሱብሂ ተሰግዶ ጎህ ሲቀድ፣ ቤቷ ድረስ ይሄዳል። ስትወድቅ የሚይዛት፣ ውሃ የሚያቀምሳት፣ አብሯት የሚያለቅስ ይኖራል። እኛ ሰው አገር ያለን ሰዎች ከዚህ ሌላ ምን አለን?

ለሀጀራ ስነግራት ድስት እያጠበች ነበር። ድስቱን ወረወረችው።

"ቶብ ገዛችላት?" አለች።

"ሰማያዊ።"

እንባዋ ቀድሞ መጣ፣ ንዴቷ ተከተለ። በማግስቱ ከጁምዓ በኋላ ቅሬው ጋሽ ሙባረክ ግቢ ሲሰበሰብ መሃል ገብታ ቆመች።

"ጋሽ ሙባረክ፣ የዘኪያ እናት ሞተዋል ወይስ አልሞቱም?"

"ሞተዋል።"

"ታዲያ ምን እየተጠበቀ ነው?"

"መንግሥቷ ይንገራት" አሉ። አንዳንዱ ሳቀ።

"የሳቀው ማነው? እናት የለህም?" ሀጀራ ዞረችበት። "ያንን መንግሥት ከሁላችሁም በላይ እጠላዋለሁ። ዘኪያንም ስሰድባት እናንተ ስሟን አታውቁም ነበር፤ ነገም እሰድባታለሁ! ግን ፊት ለፊት ነው የምሰድባት። ለሞቱ እናቷ ልብስ ስትገዛ እያያችሁ ዝም? የኔ አሠሪ፣ አብደልራሒም፣ የአገራቸውን መንግሥት አምርረው ይጠላሉ። አባታቸው ሲሞቱ ግን ከመንግሥት ሰዎች አንዱ ድንኳኑ ገብቶ እጁን ለፋቲሓ ዱዓ ዘረጋ። እሳቸውም ተነስተው ዘረጉ። ሻይ ያቀረብኩት እኔ ነኝ! ለቅሶው ሲያልፍ ጭቅጭቃቸውን ቀጠሉ። እናንተ ግን ሐሳቧን ጠላን ብላችሁ ለቅሶዋን ነጠቃችኋት። ታዲያ መሬቴን ከነጠቀኝ በምን ተሻላችሁ?"

ጋሽ ሙባረክ ፊታቸው ጠቆረ። "ሂጂና ንገሪያት! ግን ከቅሬው ወጥተሻል። አንቺም እናት አለችሽ። የሷ ቀን ሲመጣ ማን እንደሚነግርሽ እናያለን።"

ሀጀራ ከእናቷ በቀር ሰው እንደሌላት ሁሉም ያውቃል። እኔ ልደግፋት ተጠጋሁ።

"ኻላስ፣ በቃ" አለች። "ያውጡኝ።"

እኔም ተከትያት ወጣሁ። ማን ሊያስቀረኝ!

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ሦስት ሆነን ሄድን። ሀጀራ፣ እኔ፣ እና ሱዳናዊቷ ጎረቤታችን በኺታ። በኺታ ስለኛ ምርጫ ምንም አታውቅም፤ ለቅሶ ሲባል ብቻ "ያላ"፣ እንሂድ እንደማለት፣ ብላ ውሃ ቀድታ ወጣች።

ዘኪያ በሩን ከፍታ ሀጀራን ስታይ ተቆጣች። "ደግሞ በጠዋቱ ልትሰድቢኝ መጣሽ?"

"ዛሬ አልሰድብሽም" አለች ሀጀራ።

ዘኪያ ዓይን ዓይኗን አየቻት። ከዚያ ወገቧ ላይ የታሰረውን ነጠላ አየች። ከዚያ የበኺታን ውሃ።

"እማዬን ነው?" አለች። ሀጀራ ሳትወድቅ ያዘቻት፤ ግን አልቻለቻትም፣ አብረው ወደቁ። ቶቡ ለመንገደኛው ተጣጥፎ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። ዘኪያ እሱን አቅፋ ስትጮህ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ።

ረፋዱ ላይ ሉጥፊያ ባሏን ቤት ትታ መጣች። ከዚያ ሌሎቹ አንገታቸውን ደፍተው አንድ ሁለት እያሉ ገቡ። ጋሽ ሙባረክ አልመጡም። ወደ ቅሬውም እስከ ዛሬ አልመለሱንም። እኛም አልለመንናቸውም፣ አንለምናቸውምም!

ሐዘኑ በረድ ሲል አንድ ማታ ዘኪያ በግንቡ ላይ አንገቷን አወጣች። ዓይኗ አሁንም እንዳበጠ ነው።

"ሀጀራ፣ ሐይቅ ደውዬ ነበር። ለእናትሽ ጎረቤቶች ስልኬን ሰጥቻቸዋለሁ። የሚመጣ ወሬ ካለ ለኔ ንገሩኝ ብያለሁ። ዕድሜ ይስጣቸው እንጂ፣ ቀኑ ከመጣ ጎህ ሲቀድ ደጅሽ የምቆመው እኔ ነኝ።"

ሀጀራ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ቀና አላለችም።

"ያን ቀን አልሰድብሽም" አለች ዘኪያ።

ሀጀራ ዓይኗን በክንዷ ጠረገች፤ አንድ ሽንኩርት አንስታ በግንቡ ላይ ዘረጋችላት።

"እስከዚያ ግን መስደቡን እንዳትተይ፣ አንቺ አጨብጫቢ!"