የደረጃ መውረድ ሕመም

ይህን ታሪክ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለት ጊዜ ቀድጃለሁ። ከመጽሐፍ በቀር ሸክም የማያውቅ ተማሪ ስለ ሰው ጡንቻ ሊናገር ምን አፍ አለው ብዬ ልተወው ምንም አልቀረኝም ነበር። ሆኖም ባለታሪኩ ጎረቤታችን ፈቅደው ስላወጉኝ፣ እንደ ሰማሁት አስፍሬዋለሁ።

ሰውየው የእሳት አደጋ መኪና ሹፌር ናቸው። ባልደረቦቻቸው «ባቡር» ይሏቸዋል፤ ሻይ እንኳ የሚጠጡት እየተንጎራደዱ ነውና። ከሃምሳ ሦስቱ ዕድሜያቸው ሃያ ስድስቱን መሪ ጨብጠው አሳልፈዋል። አንድ ሰኞ ግን ጣቢያው ማስታወቂያ ለጠፈ፦ ቅዳሜ ጠዋት ሹፌር ሳይቀር ማንኛውም ሠራተኛ ጥቅል የውሃ ቱቦ ተሸክሞ ስድስት ፎቅ በአራት ደቂቃ ወጥቶ ይወርዳል፤ ያቃተው ከመኪና ተነሥቶ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ይዛወራል። ቀኑን ሙሉ መደርደሪያ ሲጠብቁ መዋል ለሹፌሩ ከሞት አይሻልም ነበር።

ያንኑ ቀን ከሥራ እንደ ወጡ የመኖሪያ ሕንፃቸውን ደረጃ ሃያ ጊዜ ወጥተው ወረዱ። ወዲያው ምንም አልተሰማቸውም፤ እንዲያውም ገና ጎረምሳ ነኝ እያሉ ሚስታቸው ላይ ፎከሩ። ማክሰኞ ጭናቸው ከበደ። ረቡዕ ጠዋት ግድግዳ ይዘው ከአልጋ ሲወርዱ፣ ሚስታቸው ከወዲያኛው ክፍል «ጎረምሳው ተነሣ ወይ?» አሏቸው።

መቀመጥ አቃታቸው፤ መቆምም አላስቻላቸውም። በመጨረሻ «እሾህን በእሾህ» አሉና ከሰዓት በኋላ እንደገና ደረጃውን ተያያዙት። በስድስተኛው ዙር ጉልበታቸው ከዳቸውና እዚያው ደረጃው ላይ ዝርፍጥ አሉ።

ሚስታቸው የጠሯት የእህታቸው ልጅ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ናት። እንደ ደረሰች አስቀድማ እግራቸው አብጦ፣ ሽንታቸው እንደ ሻይ ጠቁሮ፣ ወይም አንድ ቦታ ብቻ ወግቷቸው እንደሆነ ጠየቀች፤ እንዲህ ያለ ነገር ከታየ ያለ አንዳች ማመንታት ሐኪም ቤት መሄድ እንዳለባቸው አስጠነቀቀች። አንዱም አልነበረም።

«ጋሼ፣ መኪናውን ቁልቁለት ሲያወርዱ የሚግለው ምኑ ነው?»

«ፍሬኑ ነዋ።»

«ደረጃ ሲወርዱ ፍሬንዎ የጭንዎ ጡንቻ ነው። ያሳመመዎት ከመውጣቱ ይልቅ መውረዱ ነው።»

ጡንቻ ሰውነትን እየያዘ ሲለጠጥ ክሮቹ በጥቂቱ እንደሚጎዱ፣ ሕመሙም በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ከበረታ በኋላ በራሱ እንደሚቀል አስረዳቻቸው። ሜዳ ላይ ቀስ ብለው እንዲራመዱ፣ ለብ ባለ ውሃ እንዲታጠቡ፣ በደንብ እንዲተኙ መክራ፣ ደረጃውን እስከ ቅዳሜ ከለከለቻቸው።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ልትዪኝ ነው? ፈተናው እኮ ቅዳሜ ነው።»

«እንቁላሉም ቢሆን ደረጃ አልታዘዘለትም፣ ጋሼ።»

ሐሙስ ሕንፃውን ሦስት ጊዜ በዝግታ ዞሩ፤ በየዙሩ ደረጃውን በዓይናቸው ለኩት። ዓርብ ጭናቸው ትንሽ ላላ። ይህን ሲያዩ ልባቸው ተነሣና አንድ እግራቸውን ከመጀመሪያው ደረጃ ላይ አሳረፉ። ሰው እንዳላያቸው ገላምጠው መልሰው አወረዱት። የዚያን ቀን ከዚህ የከበደ ሥራ እንዳልሠሩ ነግረውኛል።

ቅዳሜ ቱቦውን ተሸክመው ሲወጡ እግራቸው ታዘዛቸው። ሲወርዱ ግን እያንዳንዱ እርከን ጭናቸውን ቆነጠጠው፤ ከኋላቸው የመጣ ወጣት አልፏቸው ሄደ። ሊሮጡ ከጀሉና ተዉት፤ የደረጃውን ብረት ይዘው በራሳቸው ልክ ወረዱ። አለቃቸው ሰዓቱን ሲያቆም ሰባት ሰከንድ ተርፏቸው ነበር። መኪናቸው ከእጃቸው አልወጣም።

በቀጣዩ ሳምንት ልምምዱን ከሁለት ፎቅ ጀመሩ። በየሳምንቱ ትንሽ እየጨመሩ ሲሄዱ ያ ሕመም በዚያ ብርታቱ አልተመለሰም። የታመመ ጡንቻ ጥቂት ቀንና ቀላል እርምጃ ይገባዋል።