ለልቅሶው የነደደው በር

ባለቤቴ በአዲስ እንጨት መሥራት አይወድም ነበር። ሞላሌ ዙሪያ አሮጌ ቤት ሊፈርስ ነው ሲባል ይሄድና የበር ሳንቃ፣ ጉበን፣ አንዳንዴም የተሰበረ ቀንበር ይዞ ይመጣል። እንጨቱ ሲመጣ ከጥላሸት በቀር ምንም አይታይበትም። እሱ በመላጊያው አንድ ሁለቴ ይስበውና ከጥቁሩ ሥር ቀዩ ጥድ ብቅ ሲል "ነይ እይው" ይለኛል። ሁልጊዜ ሄጄ አላይለትም። ጓዳ ሆኜ "አየሁት" ያልኩበት ቀን ብዙ ነው።

ከዚያ እንጨት ትንንሽ ሳጥን፣ በርጩማና መደርደሪያ ይሠራል። የምስማር ቀዳዳውንና ስንጥቁን አይደፍነውም። እኔ በብርጭቆ ወረቀት አሻለሁ፣ ቫርኒሽ እቀባለሁ። መጋዝ ግን ይዤ አላውቅም።

ከመሞቱ ሁለት ሳምንት በፊት አንድ ሽማግሌ ቀየት ከሚባለው አገር የአባታቸውን ቤት በር በአህያ አስጭነው መጡ። የዳዊታቸውን የቆዳ ማኅደር አይጥ በልቶባቸዋል። ከበሩ የዳዊት ማስቀመጫ ሳጥን እንዲሠራላቸው ፈለጉ። ባለቤቴም "ለፍልሰታ ይደርሳል፣ አባቴ" አላቸው።

ሐምሌ ውስጥ ታሞ ሳይሰነብት ሞተ። ዝናቡ አላቋረጠም። እኔ ከምንጣፉ ላይ አልተነሳሁም፤ ሐዘንተኛ ተነስቶ ጓዳውንና ግቢውን አያይም። በሁለተኛው ቀን ከውጭ መጥረቢያ ሰማሁ። ቆይቶ የጥድ ሽታ በመስኮት ገባ። እሱ እንጨት ከሚሠራበት ክፍል የመጣ መስሎኝ ቀና አልኩ። መሞቱን ለትንሽ ጊዜ ረስቼው ነበር።

ለካ የዕድሩ ሰዎች ያመጡት እርጥብ ባሕር ዛፍ አልነድ ብሏቸው፣ ከመሥሪያ ክፍሉ ጥግ የተደረደረውን ጥቁር ሳንቃ፣ የሽማግሌውን በር ጭምር፣ ፈልጠውታል። ምግቡን ያሠራችው ጎረቤቴ እንግዳው ከተበተነ በኋላ ነገረችኝ።

"አሮጌ ማገዶ መስሎኝ ነው፣ እትዬ። ደረቅ ነዋ። እንዴት እንደነደደ ብታዪው!"

አልተቆጣኋትም። ሦስት ቀን ሙሉ ቆማ ያበላችልኝ እሷ ናት።

ፍልሰታ ሲገባ ሽማግሌው መጡ። የበሩን ነገር እንዴት እንደምነግራቸው ሳስብ ነበር የከረምኩት። የሞተ ሰው ቃል እኔ ላይ ወድቋል።

"አባቴ፣ በሩ የለም" አልኳቸው።

"ተሸጠ?"

"ነደደ። ለልቅሶው ወጥ ተሠራበት።"

"በስንተኛው ቀን?" ብለው ጠየቁኝ።

"በሁለተኛው።"

"እንግዲያው ለልቅሶ የመጣሁ ዕለት እኔም በልቼዋለሁ። ሽሮው ጭስ ጭስ ብሎኝ ሴቶቹን ሳማ ነበር።" ጋቢያቸውን አስተካከሉ። "ያ በር ሌባ አያስገባም ይባል ነበር። ለቀስተኛ ጨረሰው።"

ከበሩ አንድ የሳንቃ ቁራጭ ተርፎ ነበር፤ አንድ ፊቱ ከስሎ ዝናቡ ያጠፋው። አመጣሁላቸውና "ከዚህ አንድ ሳጥን ይወጣል፤ እኔ እሠራዋለሁ" አልኳቸው።

"ትችያለሽ?"

"አላውቅም።"

ዳዊታቸውን ጥለውልኝ መሄድ አይችሉም፤ ጠዋት ጠዋት ያነቡታል። ስለዚህ ቁመቱን፣ ወርዱንና ውፍረቱን በክር ለክቼ ቋጠሮ ቋጠርኩበት።

ሥራው ከበደኝ። አንድ መስመር ቆርጬ ቁጭ እላለሁ። መጋዙ እሱ ሲይዘው እንዲህ አይነክስም ነበር። ጎረቤቴ ድምፁን ስትሰማ ትመጣና በሩ ላይ ትቆማለች።

"አናጢ ጥሪ እንጂ እትዬ፣ ምን ያለፋሻል?"

"እንጨቱን ያዥልኝ" እላታለሁ። ትይዝልኛለች። ጥፋቷን እያሰበች እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሁለታችንም አናነሳውም።

የከሰለውን ፊት ልጬ ብጨርሰው ሳንቃው ሊሳሳብኝ ሆነ። የላላውን ፍቄ ጥቁሩን ወደ ውስጥ አዞርኩት፣ ቀዩ ውጭ ሆነ። ማታ እጄ ጭብጥ አልል ይለኛል።

ጾሙ ሊፈታ ሁለት ቀን ሲቀረው ሽማግሌው ተመለሱ። ዳዊቱን ከጋቢያቸው ሥር አውጥተው ቀስ አድርገው ከተቱት። ልክ ገባ። ክዳኑም ገጠመ። ደስ ሊለኝ ሲል ከፍተው ሊያወጡት ሞከሩ። በጣታቸው አንዱን ጎን ፈለጉ፣ ከዚያ ሌላውን። ጣት የሚገባበት ቦታ የለም። በቋጠሮው ልክ ቆርጬዋለሁ። ባለቤቴ ከሚቀመጠው ዕቃ ሁልጊዜ ሁለት ጣት ያሰፋ ነበር፤ ለምን እንደሆነ አንድም ቀን ጠይቄው አላውቅም።

"በሌላ እንጨት እደግመዋለሁ፣ አባቴ።"

"ሌላው እንጨት የሌላ ሰው ቤት ነው፣ ልጄ።"

ሳጥኑን መዳፋቸው ላይ ገልብጠው ሥሩን መታ መታ አደረጉት። ዳዊቱ ወረደ። የዳዊቱን ልባስ የነካውን ጥላሸት በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ።

"እንዲህ እያልኩ አወጣዋለሁ" አሉና መርቀውኝ ወጡ።

እኔ ከመሥሪያ ጠረጴዛው አልተነሳሁም፤ ክንዴ ዝሏል። ቃሉን አድርሼለታለሁ። እሱ ቢሠራው ኖሮ ግን እሳቸው ጠዋት ጠዋት ሳጥን ባልገለበጡ ነበር።