ወላጅ ለደስታ ሲጠራ

ትምህርት ቤት የገባሽ ቀን አልቅሰሽ ነበር?

ልጄ ይህን የጠየቀችኝ ኦሎምፒክ ጎዳና ላይ የትራፊክ መብራት ይዞን፣ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ነው። በዚያን ቀን አዲስ የመጣች ልጅ ክፍላቸው ውስጥ ስታለቅስ ውላ ነበርና፣ ማን እንዳለቀሰ ማን እንዳላለቀሰ ሳታጣራ ላታድር ቆርጣለች። «አባዬ አልቅሷል። ቲቸሬም አልቅሳለች። አንቺስ?» መብራቱ አረንጓዴ ሆነልኝ። «ቀበቶሽን አስረሻል?» አልኳት። እንዳሰረች አውቃለሁ።

እኔ በልጅነቴ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ያደግሁት አዲስ አበባ፣ ዘመድ ቤት ነው። ጠዋት ጠዋት የቤቱን ልጆች እጅ እጃቸውን ይዤ ትምህርት ቤታቸው በር ድረስ አደርሳለሁ፤ ቦርሳቸውን አስረክባለሁ፤ ዘበኛው በሩን ሲዘጋ እመለሳለሁ። ፊደል የለየሁት እነሱ በጣሏቸው መጻሕፍት ነው። የማታ ትምህርት የተመዘገብኩት ሃያዎቹን አጋምሼ፣ በራሴ እግር ሄጄ ነው። በዚያ ዕድሜ በር ላይ ጥሎኝ የሚሄድ ሰው ስላልነበረ የሚያስለቅስ ነገርም አልነበረም። ትንሽ ልጅ ሆኜ ገብቼ ቢሆንስ? እስከ ዛሬ አላውቅም።

ይህን የሐበሻ ሱቆች በተደረደሩበት በፌርፋክስ ጎዳና የሚያውቅብኝ ሰው አልነበረም። መጽሐፍ ከእጄ ስለማይጠፋ፣ ሰው ሲሳሳት ሳላርም ስለማላልፍ፣ ሁሉም ከአጸደ ሕፃናት ጀምሬ የተማርኩ ይመስለዋል። ባለቤቴ እንኳ የማታ መማሬን እንጂ ከዚያ በፊት ምንም እንዳልነበረ አያውቅም። ሌላውን ሁሉ ሳርም ይህን አላረምኩም።

ልጄ መጀመሪያ የገባችው ቤታችን አጠገብ ያለው ትልቁ ትምህርት ቤት ነበር። መጥፎ አልነበረም፤ መምህሯም ደግ ሴት ነበረች። ልጄ ግን እዚያ ድምጿ ጠፋ። ቤት ውስጥ አፏ የማያርፈው ልጅ ክፍል ስትገባ ትንፍሽ አትልም። ዓመቱ እንዲሁ አለቀ። ከዚያ አንዲት ጎረቤቴ ወደ ፒኮ ሮበርትሰን ሰፈር በኩል ስላለ ቻርተር ትምህርት ቤት ነገረችኝ። «የግል አይደለም፣ የሕዝብ ነው። ግን በራሱ መንገድ ነው የሚያስተምረው። አመልካች ከበዛ ዕጣ ይወጣል» አለችኝ። አመለከትን፤ ወጣልን።

ትምህርት ቤቱ ድሮ የምንጣፍ መሸጫ በነበረ ሕንፃ ውስጥ ነው። ግቢው ጠባብ ነው፤ አንድ ዛፍ አለችው። ክፍላቸው ውስጥ ኤሊ ነበረች። መምህሯ ልጆቹ በየተራ ለኤሊዋ እንዲያነቡላት ታደርጋለች፤ ኤሊ አትስቅባቸው፣ አታርማቸው። አንድ ከሰዓት ልጄን ልወስዳት ስሄድ መምህሯ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ጠራችኝ። ልጄ ወለሉ ላይ በደረቷ ተኝታ፣ የእንግሊዝኛውን መጽሐፍ ገልጣ፣ ታሪኩን በአማርኛ ለኤሊዋ ትነግራታለች። «አይዞሽ እሺ፣ አትፍሪ የኔ ቆንጆ፤ አሁን ቤቷን ታገኛለች።» መምህሯ «ምን እያለቻት ነው?» ብላ በሹክሹክታ ጠየቀችኝ። «አትፍሪ እያለቻት ነው» አልኳት።

ከዚያ በእንግሊዝኛ ለኤሊዋ አነበበች። ቀጥሎ አጠገቧ ለምትቀመጠው ልጅ። ፋሲካ ሳይደርስ ለክፍሉ በሙሉ።

እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት የሚሠራው በየጊዜው በሚታደስ ፈቃድ ነው። ልጄ ሦስተኛ ክፍል ሳለች የእድሳቱ ጊዜ ደረሰ። እኔ ከሥራ በተረፈኝ ሰዓት ቤተ መጻሕፍታቸው ውስጥ የተገነጠሉ መጻሕፍት እጠግን ነበርና ርዕሰ መምህርቷ እዚያ መጣች። «ቅዳሜ በዓል አለን፤ ፈቃዱን የሚመለከቱት ሰዎችም ይመጣሉ። ሰፈሩ የሚፈልገን መሆኑን ማየት አለባቸው። ብዙ የሐበሻ ልጆች አሉን፤ ወላጆቻቸውን ግን አይተናቸው አናውቅም» አለችኝ። ፈቃዱ ካልታደሰ ይዘጋል። እኔ ስለ ሰፈሩ አላሰብኩም። ያሰብኩት ልጄ በደረቷ የተኛችበትን ወለል ነው።

ጽሕፈት ቤቱ አስቀድሞ ለየቤቱ ስልክ ደውሎ ኖሯል፤ «ትምህርት ቤት እንድትመጡ እንፈልጋለን» ብሎ። በማግሥቱ ጠዋት አንዲት እናት ሁለት ሽማግሎች አስከትላ መጣች። ሽማግሎቹ ሱፍ ለብሰዋል፣ ከረባት አስረዋል። አንደኛው ሚራክል ማይል ሰፈር ካለው መኪና ማቆሚያ የሚሠሩ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው ናቸው። ርዕሰ መምህርቷ ፊት ወገባቸውን ሰበር አድርገው፣ «እመቤት፣ ልጅ ነው፣ ያጠፋል። ለሽበታችን ሲሉ ይማሩት» አሉ።

ርዕሰ መምህርቷ እኔን አየችኝ። ተረጎምኩላት። «ምንም አላጠፋም እኮ! ለበዓል ነው የጠራናችሁ» አለች። ያንንም መልሼ ተረጎምኩ።

«ለደስታ ወላጅ ይጠራል እንዴ?» አሉ ጋሼ። «የት አገር?»

እናትየው ግድግዳውን ተደግፋ በሳቅ ፈረሰች። «ወይኔ ልጄን! ታብሌቱን ነጥቄ፣ እራቱን በቁጣ አብልቼ! ምን አደረግክ ስለው ‹ምንም› ሲለኝ፣ ‹ጭራሽ ትዋሻለህ› እያልኩ!»

ተወቃሽ አልነበረችም። እኛ አገር ወላጅ አምጣ የተባለ ልጅ መንገድ ላይ ያገኘውን ሰው አጎቱ ነኝ በልልኝ ብሎ ይለምናል። ወላጁም የሚሄደው ሊያፍር ነው። ስልኩ የተደወለላቸው ሁሉ ዝም ያሉት ትምህርት ቤቱን ጠልተው ሳይሆን ፈርተው ነበር።

ጋሼ ከረባታቸውን አላላ አደረጉ። «ለሽምግልና ወጥቼ እንዲሁ አልመለስም። ሠርግ በስልክ ይጠራል? ቤት ለቤት ነው እንጂ። ነይ ልጄ፣ አንቺ ታውቂዋለሽ፣ እኔ እናገራለሁ።»

ፌርፋክስን ከላይ እስከ ታች አዳረስነው። እሳቸው በር ላይ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ «ልጆቻችን ደስታ አላቸው፣ ቅዳሜ እንዳትቀሩ» ይላሉ፤ ሰው ሲጠይቅ እኔ እመልሳለሁ። አንዲት የምግብ ቤት ባለቤት እጇን በሽርጧ እየጠረገች ወጣች።

«ትምህርት ቤቱ ነጻ ነው ነው የምትሉኝ? ጋሼ፣ እዚህ አገር ነጻ ነገር አይተው ያውቃሉ?»

«ጸሎት።»

«እሱም መኪና ፓርክ የሚያደርጉበት ካገኙ ነው።»

«ነጻ አይደለም» አልኩ እኔ። «ከምትከፍይው ግብር ነው።»

«አንቺ ደግሞ! ሰው ትንሽ ደስ ይበለው እንጂ» አለችኝ። ግን እንጀራውን እኔ አመጣለሁ አለች።

መኪናው ውስጥ ሆኖ ደንበኛ የሚጠብቅ አንድ ባለታክሲ መስኮቱን ዝቅ አደረገ። «ሶ፣ ትምህርት ቤቱ ከሌላው ይሻላል?»

«ለልጄ ተሻለ። ለሁሉም ልጅ ይሻላል ማለት አልችልም። ግቢው ጠባብ ነው፤ አውቶቡስ የለውም፤ ራስህ ድራይቭ አድርገህ ነው የምታደርሳቸው።»

ጋሼ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ። ራቅ ስንል፣ «ልጄ፣ ሰው እንዲህ እየተባለ አይጠራም» አሉኝ።

«እውነቱን እኮ ነው ጋሼ።»

«እውነትማ ነው። ሳቅ እያልሽ ንገሪው ነው።»

መጨረሻ የገባነው ቅመም መሸጫ ነው። እዚያ የምትሠራ ሴት አለች፤ ልጇ ከልጄ ጋር አንድ ክፍል ነው የሚማረው። የጋሼን ጥሪ አንገቷን ደፍታ ሰማች። «እኔ እንኳ አልመጣም» አለች። «የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም፤ ልጁንም የሚያደርሰው አባቱ ነው። እዚያ ሁሉ የተማረ ሰው መሃል ምን ብዬ ልቁም? ቢጠይቁኝስ?» ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። «አንቺማ ተምረሽ ነው ያደግሽው፤ ይኼ አይገባሽም።»

ጋሼም ወደ እኔ ዞሩ፤ አንድ ነገር እንድላት። እኔ የበርበሬው ከረጢት ላይ የተጻፈውን ማንበብ ጀመርኩ።

ቅዳሜ ሰው መጣ። እንደ ሠርግ ስለጠራነው እንደ ሠርግ ነው የመጣው፤ የአገር ልብስ ለብሶ፣ ድፎ ዳቦ ተሸክሞ። ጋሼ በር ላይ ቆመው የሚያውቁትንም የማያውቁትንም «ግቡ፣ ግቡ፣ ወደ ውስጥ» ይላሉ። ልጆቹ ዘፈናቸውን ሲጨርሱ እናቶች እልል ሲሉ፣ ፈቃዱን ሊያዩ የመጡት ሰዎች ደንግጠው ከወንበራቸው ብድግ አሉ፤ አንዷማ እሳት የተነሳ መስሏት ወደ በሩ አየች። ባለታክሲው ማይክሮፎን ተሰጥቶት ሌላ ትምህርት ቤት ስለሚማረው ልጁ ሲናገር መሃል ላይ ድምፁ ተሰበረና ተቀመጠ። ፈቃዱ በኋላ ታድሷል። በእኛ ድግስ ይሁን በሌላ ምክንያት፣ አላውቅም፤ የማላውቀውን አልናገርም።

ልጄ ኤሊዋን አጠገቧ አስቀምጣ ልታነብ ስትዘጋጅ ነው በአጥሩ በኩል የቅመም ቤቷን ሴት ያየኋት። ከመንገዱ ማዶ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ የተጠቀለለ ዳቦ ታቅፋ ቆማለች። ልጇ በዓይኑ እየፈለጋት ነው። አንድ እርምጃ ትራመድና ትመለሳለች።

እንዲያ መቆምን አውቀዋለሁ። ስንት ጠዋት ቆሜበታለሁ።

ወጣሁ። አጠገቧ ስደርስ፣ «አልገባም፣ ዳቦውን ብቻ ውሰጂልኝ» አለችኝ። ዳቦውን አልተቀበልኳትም።

«እኔም ልጅ ሆኜ አልተማርኩም» አልኳት።

«እየቀለድሽ ነው።»

«የሰው ልጆች ነበር የማደርሰው። በሩ ይዘጋብኛል፤ እመለሳለሁ። ለራሴ የገባሁት አድጌ ነው፤ ማታ።»

ፊቴን አየችው። ይህን ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። ብዙ ነገር ትለኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ የሚቀጥለውን ግን አልጠበቅኩም።

«ታዲያ የገባሽ ቀን ማን ወሰደሽ?»

«ማንም።»

ዳቦውን ወደ ግራ ክንዷ አዛወረችው። የሸሚዜ ኮሌታ ተገልብጦ ኖሯል፤ መለሰችልኝ። ከዚያ በቀኝ እጇ እጄን ጥብቅ አድርጋ ያዘችና፣ «በይ ነይ፣ እንግባ» አለችኝ። ጋሼ በሩን ወለል አድርገው ከፈቱልን።