ቀድሞ የዳነው ጫማ

የጫማ ሠሪው ቤት ከመንገዱ ሦስት ደረጃ ዝቅ ይላል። መስኮቱ ከእግረኛው መንገድ ጋር እኩል ስለሆነ፣ ከመሥሪያ ጠረጴዛው ቀና ያለ ሰው የሚያየው አላፊ አግዳሚውን ከጉልበቱ በታች ብቻ ነው። ሰውየው በዚያ መስኮት ሥር ሃያ ሁለት ዓመት ተቀምጧል። ሌላው ሰው ፊት አይቶ ይለያል፤ እሱ የሚለየው በእግር ነው። "መምህሩ ዛሬ ከሚስቱ ጋር ተኳርፏል፤ ተረከዙን እየጎተተ ነው" ይላል፣ በከንፈሩ የያዛቸውን ሚስማሮች ሳያወጣ። ብዙ ጊዜም አይሳሳትም።

ከእግር ሁሉ ግን ቀና ሳይል የሚያውቀው አንድ ጥንድ ነበር። ጥብ፣ ድም። ጥብ፣ ድም። ቀኙ እንደማንም እግር ጥብ ይላል፤ ግራው ስድስት ሴንቲሜትር ቡሽና ቆዳ ተሸክሞ ድም ይላል። እህቱ ናት። እሱ "እታለም" ይላታል፣ እሷ "ጋሼ" ትለዋለች። ሰፈሩም ከእነሱ ሰምቶ ወረሰው፤ በዕድሜ አባቱ የሚሆኑ ሽማግሌዎች ሳይቀሩ "ጋሼ፣ ሶሌ ተነሳብኝ" እያሉ ይመጡበታል።

እታለም በሰባት ዓመቷ አጥንቷን ታመመች። ትኩሳቱ ለቆ ሲሄድ ነፍሷን ተወላት፣ የግራ ቅልጥሟን እድገት ግን ይዞ ሄደ። ቀኙ ሲረዝም ግራው እያዘገመ፣ በየዓመቱ ተራራቁ። ያኔ ወንድሟ የአሥራ ሰባት ዓመት ለማጅ ነበር። ያለ ጌታው እገዛ ለብቻው የሠራው የመጀመሪያ ጫማ የእሷ ነው፤ የግራው ሶል አንድ ሴንቲሜትር ከፍ ያለ። በሚቀጥለው ዓመት አንድ ተኩል ሆነ። ከዚያ ሁለት። በሌላው ቤት የልጅ ቁመት ግድግዳ ላይ ይሰመራል፤ በእነሱ ቤት የተሰመረው ሶል ላይ ነው። እናታቸው ስታርፍ ሦስት ላይ ነበሩ፤ እታለም ማደጓን ስታቆም ስድስት ላይ ቆሙ። በየዓመቱ፣ ሲለካት፣ እግሯን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ያንጎራጉር ነበር፦

እግርሽ ቢያጥር እንኳ ልብሽ መች አጠረ፣
መንገዱ ነው እንጂ ጠማማ የነበረ።

አድጋም ከእሱ አልራቀችም። የጫማውን የላይኛውን ቆዳ በመኪና የምትሰፋው እሷ ናት። ስፌቷ እንደ ጉንዳን ሰልፍ ነው፤ አንዱ ከአንዱ አይቀድም፣ አይቀርም። ወንድምና እህት ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው፣ እሱ ሲደበድብ እሷ ስትሰፋ፣ ቀኑን ሙሉ ሳይተያዩ ያወራሉ።

አንድ ቀን እንዲሁ ሳይተያዩ "ጋሼ፣ አንድ ነገር ብነግርህ አትቀየመኝም?" አለችው።

"እንደ ነገሩ ነው።"

"ከሱቅ የተገዛ ጫማ ማድረግ እፈልጋለሁ።"

መዶሻው ቆመ።

ከላይኛው መንገድ ትልቅ የጫማ ሱቅ አለ። መስታወቱ ውስጥ የወይን ጠጅ መልክ ያለው፣ ቁርጭምጭሚት ላይ በቀጭን ማሰሪያ የሚታሰር ጫማ ተሰቅሏል። ሱቆች ከጥንዱ አንዱን ብቻ ነው መስታወት ውስጥ የሚያስቀምጡት፤ እሷ ለሦስት ወር አንዱን አይታለች። "ጎን ለጎን ሁለቱን አድርጌ፣ መስታወት ፊት ቆሜ፣ 'ይሄን ጠቅልሉልኝ' ማለት ነው የፈለግኩት" አለች። "አንተ የሠራኸውን ጠልቼ አይደለም። ጫማ መግዛት ምን እንደሚመስል ስለማላውቅ ነው።"

"የሱቅ ጫማ እኮ በማስቲሽ የተጣበቀ ካርቶን ነው!"

"አውቃለሁ።"

"ዝናብ ሲነካው አፉን ይከፍታል!"

"ይክፈት፣ ጋሼ። የራሴ ሆኖ ይክፈት።"

ያን ዕለት ሌላ አላወሩም። በማግስቱ ግን ጋሼ የሥራ ሽርጡን ፈትቶ ሰቀለና፣ የእህቱን የራጅ ፎቶ በትልቅ ፖስታ ይዞ ወደ አክስታቸው ሄደ።

አክስት በሆስፒታል ሠላሳ ዓመት በነርስነት ሠርታ ጡረታ የወጣች፣ ሰው ሁሉ በሽተኛዋ የሚመስላት ሴት ናት። ራጁን መስኮት ላይ ለጥፋ አየችው፣ አሮጌ የሥራ ባልደረቦቿ ጋ ደወለች፣ ወረቀት ላይ ጻፈች፣ ደብዳቤ አስጻፈች። ከሁለት ወር በኋላ ከባሕር ማዶ ካለ ሆስፒታል መልስ መጣ፤ ይቻላል ይላል። አክስት ሁለቱን ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀምጣ አስረዳች።

"አጥንቱ ይቆረጣል።"

"ይቆረጣል?" ጋሼ ወንበሩን ገፍቶ ተነሳ።

"ቁጭ በል። አንተ ቀኑን ሙሉ ስትቆርጥ ማን ከለከለህ? አጥንቱ ይቆረጥና ከውጭ የብረት ቀለበት ይታሰርበታል። ቀለበቱ ላይ ቁልፍ አለ። በቀን አራት ጊዜ በጥቂት በጥቂቱ ይዞራል፤ በቀን አንድ ሚሊሜትር ይራራቃል። በተራራቀው መሀል አዲስ አጥንት ይበቅላል።"

"በቀን አንድ ሚሊሜትር" አለ ጋሼ ቀስ ብሎ። አንድ ሚሊሜትርን ከሐኪሞቹ ሁሉ የበለጠ እሱ ያውቃታል፤ የስስ ገበር ቆዳ ውፍረት ናት። "ስድሳ ቀን በሉታ።"

"ስድሳ ቀን መዘርጋት፤ ከዚያ አጥንቱ እስኪጠነክር ወራት። ሆስፒታሉ አጠገብ ክፍል መከራየት አለ፣ ቲኬት አለ፣ ብረቱ ለብቻው ይከፈላል። ቁልፉን የማዞረው እኔ ነኝ፤ ስለዚህ የእኔም ቲኬት አለ።" ከዚያ ከቦርሳዋ የባንክ ደብተሯን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገች። "ይሄ እኩሌታውን ይሸፍናል። ለቀብሬ ያስቀመጥኩት ነው፤ መሞቴን ላራዝመው ወስኛለሁ።"

"አክስቴ!" አለች እታለም፣ ዓይኗ ሞልቶ።

"ዝም በይ። ይልቅ ጉልበትሽን ማሠራት ጀምሪ፤ እዚያ ሄደሽ እንዳታሳፍሪኝ።"

የቀረውን እኩሌታ ጋሼ አመጣው፤ ያመጣበትን መንገድ ግን የሰፈሩ ሰው ማመን አቅቶት ነበር። አንድ የጥበቃ ድርጅት አራት መቶ ጥንድ ቦት ጫማ የሚሠራለት ይፈልግ ነበር፤ ሁሉም ጥቁር፣ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ በአምስት ቁጥር ብቻ። ጋሼ እንዲህ ያለ ሥራ ሲመጣ "እግር ሁሉ አንድ ነው የሚል ሰው እግር አይቶ አያውቅም" ብሎ የሚመልስ ሰው ነበር። አሁን ግን ተቀበለ። አሥራ አንድ ወር፣ እሱ እየወጠረ እሷ እየሰፋች፣ አራት መቶ ጥንድ አንድ ዓይነት ጫማ ሠሩ። በመጨረሻው ሳምንት "ጋሼ፣ እንዴት ነህ?" ሲሉት "አርባ ሁለት ቁጥር ነኝ" ይል ነበር።

እታለምና አክስት ሲሄዱ ጋሼ ቀረ፤ የእሱ ቲኬት በሒሳቡ ውስጥ አልነበረም። እህቱ ለመንገዱ ቀለል ያለ ጫማ ስላደረገች፣ ያ የተለመደው ከባድ ጥንድ መደርደሪያ ላይ ቀረ። ቤቱ ዝም አለ። የስፌት መኪናዋ ክዳኗን ደፍታ ተቀመጠች።

ቀዶ ጥገናው በደህና አለፈ። ሳምንት አልፎ ቁልፉ መዞር ሲጀምር፣ በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ስልክ ይደወላል።

"ዛሬም አንድ" ትላለች እታለም።

"አመመሽ?"

"እንደ ጥርስ ማብቀል ነው። አክስቴ ግን ታስቀኛለች፤ ዋናውን ሐኪም ትናንት እጁን ያልታጠበ መስሏት መልሳ ሰደደችው።"

ስልኩ ሲዘጋ ጋሼ አሮጌውን ግራ ጫማ ከመደርደሪያው ያወርዳል። ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ በስለታሙ ቢላዋ ከሶሉ አንድ ሚሊሜትር ይልጣል። አንዷን ብቻ። ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ ይመልሰዋል። እሷ እዚያ በአንድ ስትረዝም ጫማው እዚህ በአንድ ያጥራል፤ ሁለቱ አንድ ቀን መሀል ላይ ሊገናኙ። ማንም አላዘዘውም፣ ለማንም አልነገረም። እየላጠም ያንጎራጉራል፦

ቀስ በል መንገደኛው ምን ያስቸኩልሃል፣
ጠጉር ታህል ብትሄድ ቀኑ ያደርስሃል።

ይህን ይዘፍናል እንጂ እጁ አልሰማውም። ሰው ሲጓጓ እጁ ይቀድመዋል። ስልኩ ያልሠራ ቀን "መቼም አንድ ጨምራለች" ብሎ ይልጣል። በማግስቱ ስትደውል ደግሞ ይልጣል። ከድምጿ ደስ ብሏት የዋለች የመሰለው ቀን ሁለት ያነሳል። አርባኛው ቀን ላይ ጫማው ከቀኙ ጋር ጎን ለጎን ቆመ፤ ልክ እንደ ሱቅ ጫማ፣ እኩል። ጋሼ እጆቹን ሽርጡ ላይ ጠርጎ ቆሞ አየው፤ እያየውም ሳቀ፣ ብቻውን።

ከዚያ አርባ አምስተኛው ቀን መጣ። ስልኩ ላይ ቀድማ የተናገረችው አክስት ነበረች።

"ጋሼ፣ ቆሟል።"

"ምኑ?"

"ጅማቷ እምቢ አለ። ቁርጭምጭሚቷ እየተኮማተረ ነው፤ እንግፋ ካልን መራመዷን እናጣዋለን ብለዋል ሐኪሞቹ። እኔም አይቼዋለሁ፣ እውነታቸውን ነው። አራት ሴንቲሜትር ከግማሽ ላይ ቁልፉን ዘግተነዋል።"

እታለም ስልኩን ተቀበለች። ለመሳቅ ሞከረች፣ አልሆነላትም። "አንድ ተኩል ቀረኝ፣ ጋሼ። አንድ ተኩል ብቻ። ያን ጫማ ባደርገውም አነክሳለሁ።" ከዚያ አፍንጫዋን ጠረገችና "አሮጌ ጫማዬ አለ አይደል? እሱን ዝቅ አድርገህ ትሠራልኛለህ" አለች።

ጋሼ መደርደሪያውን አየ። ጫማው እኩል ሆኖ፣ ለጥ ብሎ፣ ደህና ሰው መስሎ ቆሟል።

"አለ" አላት። "አለ፣ እታለም።"

አጥንቱ እስኪጠነክር፣ ብረቱም እስኪወጣ አምስት ወር ተጨመረ። በምርኩዝ ተመለሰች፤ ከሳ፣ ነጣ ብላ፣ ግን ቀጥ ብላ። በማግስቱ ሦስቱን ደረጃ አክስቷን ይዛ ወረደች፤ ወደ ስፌት መኪናዋ ስትሄድ ዓይኗ መደርደሪያው ላይ አረፈ። ግራ ጫማዋን አነሳች። ገለበጠችው። የቢላውን ፈለግ በጣቷ ዳሰሰች። ቆዳ ሰፊ ናትና ማንም ሳይነግራት ገባት።

ጋሼ አንገቱን ደፋ። "ቸኮልኩ" አለ። "ስትደውዪ እየላጥኩ... ያልደወልሽም ቀን..."

"ጋሼ" አለች ጫማውን ደረቷ ላይ ይዛ፣ "ጫማው ከእኔ ቀድሞ ዳነ እኮ!" ሳቋ መጣ፤ ከሳቋ ጋር ስልኩ ላይ የያዘችው እንባ ሁሉ መጣ። አክስት "ይኸው፣ ሁለት በሽተኛ ነበረኝ ማለት ነው" ብላ ለሁለቱም መሐረብ አወጣች።

ጋሼ ሽርጡን ፈታ። "ተነሺ፣ እንሂድ" አለ።

"የት?"

"ሱቅ።"

በዕድሜው የጫማ ሱቅ ገብቶ አያውቅም። ሻጩ "ምን ልታዘዝ፣ ጌታዬ?" ሲለው አሁንም እዚያው የተሰቀለውን የወይን ጠጅ መልክ ጫማ ከመስታወቱ አወረደው። አጠፈው። አሸተተው። ታኮውን በጥፍሩ ቆረቆረው። "ካርቶን" አለ ለራሱ። ከዚያ ለእህቱ አቀበላትና ራቅ ብሎ ቆመ፤ ይሄ የእሷ ነገር ነው። ሻጩ ሁለተኛውን አመጣላት፤ እታለም ሁለቱን አድርጋ መስታወት ፊት ቆመች። ወገቧ ትንሽ ወደ ግራ አዘነበለ፤ አንድ ተኩል። ፊቷ ሊከፋ ሲል በመስታወቱ ውስጥ ወንድሟን አየችው። ጋሼ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሀል አየር ላይ የሆነ ነገር እየለካ ነበር።

"ይሄን ጠቅልሉልኝ" አለች።

ጋሼ ጫማውን ሦስት ቀን ያዘው። አንድ ተኩል ሴንቲሜትር ቡሽ በአንድ ጫማ ውስጥ ቢገባ ተረከዟ አፉ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ከግራው ውስጥ፣ ከገበሩ ሥር፣ ዘጠኝ ሚሊሜትር ቡሽ አስተኛ፤ ከቀኙ ታኮና ሶል ደግሞ ስድስት አነሳ። ከአንዱ ሰርቆ ለሌላው ሰጠ። በመጨረሻ የሱቁን ማስቲሽ ስላላመነው ዙሪያውን በሰም ክር ሰፋው። ጎን ለጎን ሲያቆማቸው ያየ ሰው እንዲሁ ከሱቅ እንደወጡ ይምላል።

ካገር አገር ዞሮ ቢገዛልሽ ጫማ፣
ከሥር ያለው ቡሹ አይታይ አይሰማ።

ምርኩዙን የተወችው ከሁለት ወር በኋላ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ጋሼ የመምህሩን ሶል እየሰፋ ቀና ሲል በመስኮቱ ጥንድ የወይን ጠጅ መልክ ጫማ አለፈ። ጫማውን አወቀው፤ ስፌቱን ከሺህ ይለየዋል። አካሄዱን ግን አላወቀውም። ጥብ፣ ጥብ፣ ጥብ። ድም የሚለውን እየጠበቀ ወስፌውን ይዞ ቀረ። ድም የለም። ጫማው በሩ ጋ ዞረ፣ ሦስቱን ደረጃ አንድ በአንድ ወረደ።

"ይጠበኛል" አለች እታለም በሩ ላይ ቆማ። "ጣቴን እየላጠኝ ነው።"

"አላልኩም!" ጋሼ ከደስታ ብዛት ወንበሩን መታው። "የሱቅ ጫማ! ካርቶን ነው አላልኩም! ነይ፣ ቁጭ በይ፣ አምጪ እግርሽን።"

ተቀመጠች። ጋሼ ጉልበቱን አመቻችቶ እጁን ዘረጋ፤ በልማድ ወደ ግራው። እታለም አልተንቀሳቀሰችም፤ ከንፈሯን ነክሳ ታየዋለች። የተዘረጋው እጅ መሀል ላይ ቆመ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እግሯን ሲይዝ ጠይቋት አያውቅም ነበር።

"የትኛው ነው?" አላት።