የአርዲስ ተጎታች

አርዲስ እንቢ ካለች እንቢ ነው። አብረን አድገናል፣ አውቃታለሁ። ባሏ ሲሞት ወንድሙ ሌስተር ፈረሶቿን የምትጭንበትን ተጎታች ካልሸጥሽ ብሎ ያዛት። የራሱን ፈረሶችና ተጎታች አምና ሸጧል፤ አሁን ደግሞ "በዚህ ዕድሜሽ የስኪነርን ቁልቁለት ምን አስወረደሽ?" ይላታል። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው። ሳታዘው ተጎታቹን የገዢ ዓይን እንዲገባ ቀይ ቀለም ቀባው። ቀለሙስ ያምራል።

እኛ ሞንታና ውስጥ በግንቦት ጥጆቹን በጋለ ብረት ምልክት የምናደርገው በደቦ ነው። ፈረሱን በተጎታች ጭኖ የመጣ ጥጃ ለመያዝ ገመድ ይወረውራል፤ ያልጫነ ወጥ ቤት ገብቶ ድንች ይልጣል። ለአርዲስ ድንች መላጥ ከሞት አይተናነስም።

በደቦው ዋዜማ ባዶውን ተጎታች ልትሞክር ወጣች። ፍሬን ስትይዝ የተጎታቹ የራሱ ፍሬን አልሠራም፤ የሚጎትተውን ፒካፕ መኪናዋን ከኋላ ገፋው። ሌስተር አጥሩን ተደግፎ ያያል።

"አላልኩሽም? ያረጀ ነገር ነው። ነገ ገዢ አመጣለሁ።"

"ገዢህ አንተን ይግዛህ! እኔ ነገ ደቦ ነኝ" አለችው።

እሱ ሲሄድ እኔን ጋቢና አስገብታ የተጎታቹን ፍሬን የእጅ መቆጣጠሪያ አስያዘችኝ።

"ማቪስ፣ እንዳትለቂ!"

የባሏን የአደን ኮምፓስ ይዛ ከሥር ገባች። ፍሬኑ ውስጥ ያለው ማግኔት ኤሌክትሪክ ካገኘ የኮምፓሱ ቀስት መዞር አለበት። በአራቱም ጎማ ንቅንቅ አላለም።

"አለቀለት በቃ" አልኳት።

"አንዱ ቢበላሽ እሺ። አራቱ ተማክረው ይበላሻሉ እንዴ?"

የኤሌክትሪክ መፈተሻዋን የተጎታቹ ገመድ የሚሰካበት የፒካፑ ሶኬት ላይ ስታደርገው አምፖሉ በራ። "ኤሌክትሪኩ መሄጃውን አግኝቷል፤ መመለሻ ነው ያጣው" አለችና የመመለሻውን ነጭ ሽቦ በእጇ እየዳበሰች ተከተለችው። ሽቦው በብሎን ታስሯል፤ ግን የታሰረው በሌስተር ቀለም ላይ ነው። ሊቀባ ፈትቶት ኖሯል። ኤሌክትሪክ ደግሞ በቀለም አያልፍም።

በንዴት ፊቷ ቀላ። ብረቱ እስኪነጣ በቢላዋ ፋቀችው፤ ብሎኑን መልሳ አጠበቀች።

"ያዢ!"

ያዝኩ። ቀስቱ ዞሮ ኖሮ ከሥር ሳቋን ሰማሁ። እኔ ግን እንባዬ መጣ።

በማግስቱ ሁለት ባዝራዎች ጭነን ስኪነርን ወረድን። የእጅ መቆጣጠሪያውን ስትይዝ ተጎታቹ ፒካፑን ወደ ኋላ ሳብ አደረገው። ታች ደቦው ቦታ ስንደርስ ሌስተር ቆሟል።

"ማን ሠራልሽ?"

"ቀለምህን ትንሽ ቧጨርኩት" አለችው፣ ባዝራዋን እያወረደች። "ፈረስህስ የታል?"

 የደቦው ቤት እመቤት በወጥ ቤቱ መስኮት ብቅ ብላ የድንች መላጫ ቢላዋ አቀበለችው።

አርዲስ ገመዷን አንስታ ኮርቻ ላይ ወጣች። ሌስተር ሲልጥ ከነሥጋው ነው፤ በዚያ ቀን ድንቹ አልበቃንም።