ሠላሳ አውሮፕላን የጣለው እንግዳዬ

ያን ጉረኛ ሳስታውስ ዛሬም ደሜ ይፈላል! በጃንሆይ ጊዜ ዲላ ውስጥ ለአንድ ጀርመናዊ ቡና ገዢ አስተርጓሚ ነበርኩ። አንድ ቀን ዱመርሶ የሚባል መንደር፣ የእጮኛዬ አባት ቤት ይዤው ሄድኩ። ምሳ ላይ እንደተቀመጥን፣ በዓለም ጦርነት ጊዜ ተዋጊ አውሮፕላን ያበርር እንደነበርና ሠላሳ አውሮፕላን ከነአብራሪዎቻቸው እንዳቃጠለ ይደነፋ ጀመር። ምናለ አፉን ቢዘጋ! እኔም ጅሉ አንድ ሳላስቀር ተረጎምኩለት።

ሽማግሌው እጃቸውን ከገበታው ሰበሰቡ።

«ከሟቾቹ ቤተሰቦች ጋር ታርቋል?»

ጀርመኑ ሳቀ። «ጦርነት እኮ ነው!»

«ሰው ገድሎ ያልታረቀ ከእኛ ጋር አይበላም» ብለው አስወጡት።

እሰይ፣ የእጁን አገኘ ብዬ ልጎርስ ስል ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተስ ከእሱ ጋር በልተህ ታውቃለህ?»

«ሁልጊዜ አብረን ነው የምንበላው፣ አባባ።»

«እንግዲያው አንተም ያው ነህ፤ ከገዳይ ጋር የበላ እንደ ገዳዩ ነው። ውጣ! ልጄንም እርሳት።»