ወደ በር የዞረው ታኬታ

ጋሼ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ዕድሜያቸውን የጨረሱት በኳስ ተጫዋችነት ከክለብ ክለብ ሲዞሩ ነው። የአንድ ዓመት ውል፣ ከዚያ ሌላ ከተማ። ቡታጅራ እኛ ቤት ሲያርፉ ታኬታቸውን ፊቱን ወደ ውጭ አዙረው በሩ ሥር ያስቀምጡ ነበር። ኳስ ካቆሙ በኋላም ይህን አልተዉም። «ክለብ ቢጠራኝ እንዳልዘገይ ነው» ይሉ ነበር።

ከቀብራቸው ማግስት ታኬታውን ወልውዬ ከአልጋቸው ሥር አስገባሁት። በነጋታው በሩ ሥር አገኘሁት፤ ፊቱ ወደ ውጭ ነው። እናቴ እንዳልነካችው ማለችልኝ። መልሼ ላነሳው ስል፣ «ተይው፣ ገና አልፈረመ ይሆናል» አለችኝ።

በአርባቸው ዕለት ጠዋት ታኬታው ወደ ቤት ዞሮ አገኘነው። ዝናብ ከጠፋ ወር አልፎታል፤ ከሥሩ የተጣበቀው ጭቃ ግን እርጥብ ነበር። እናቴ ከቀብሩ ወዲህ ገርበብ አድርጋ የተወችውን በር ዘጋችው።